ወገቡ የተያዘው ቡቺ፦ ስለ መርፌው፣ ስለ ቅጠሉና ስለተረሳው ፊኛ

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ዶክተር፣ ቡቺ የሚባል የ6 ዓመት ውሻ አለኝ። እግሩ አጭር፣ ወገቡ ረጅም የሆነ ክልስ ነው፤ 9 ኪሎ ይሆናል። የዛሬ 12 ቀን ከሶፋ ሲወርድ ጮኸ፣ በማግስቱ የኋላ እግሮቹን መጎተት ጀመረ፣ አሁን ጨርሶ አይቆምም። ይበላል፣ ይጮኻል፣ ያውቀኛል። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማ ከሴ አሸችው። ጎረቤታችን ወጌሻ ይምጣ ይላሉ። አንድ የኩታበር አባት ደግሞ ወገቡን ቢተኮስና ስር ቢጠጣ ይነሣል ብለውናል። ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ የምትነግደው እህቴ በበኩሏ እዚያ ሽባ ውሻ በአኩፓንክቸር (በቀጫጭን መርፌ እየወጉ በሚያክሙበት ዘዴ) እና በቅጠል ሲታከም አይታ መድኃኒቱን ልላክ እያለች ነው። ለሰው አኩፓንክቸር የሚሠራ ሰው አውቃለሁ፤ እሱ ቢወጋውስ? ሽንቱ ሁልጊዜ ይንጠባጠባል፣ ስለዚህ መሽናቱ ደህና ነው። ምን ላድርግ?»

አብሽሪ እህቴ። ስለ መርፌውም ስለ ቅጠሉም እመልስልሻለሁ። ከጥያቄሽ ውስጥ ያስደነገጠችኝ ግን መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሻት ነገር ናት፦ «ይንጠባጠባል፣ ስለዚህ መሽናቱ ደህና ነው።» ሽባ በሆነ ውሻ ላይ የሚንጠባጠብ ሽንት አብዛኛውን ጊዜ የሞላ ፊኛ ትርፍ ነው። ጋን እስከ አፉ ሲሞላ ከከንፈሩ ይፈሳል፤ የፈሰሰውን አይቶ ጋኑ ባዶ ነው የሚል ሰው የለም።

ፊኛ እንዲጨመቅና በሩ እንዲከፈት የሚያዘው መልእክት ከአንጎል ተነሥቶ በሕብለ ሰረሰር በኩል ይወርዳል። መንገዱ ወገብ ላይ ሲዘጋ ትእዛዙ አይደርስም። ኩላሊት ግን ሥራውን አያቆምም፣ ሌት ተቀን ያጠራቅማል። ፊኛው ይወጠራል፣ ጡንቻው ይላላል፣ የቆየው ሽንት ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ይወጣል። በእኔ እጅ ካለፉት ወገባቸው ከተመታ ውሾች መካከል በዚህ መንገድ የሞቱብኝ ጥቂት አይደሉም።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ከመጨረስሽ በፊት እጅሽን ታጠቢና ቡቺን በጎኑ አስተኚው። ከመጨረሻው ጎድን ኋላ፣ ከኋላ እግሮቹ ፊት፣ ከሆዱ የታችኛው ክፍል ላይ ሁለቱን መዳፎችሽን ግራና ቀኝ አድርገሽ በዝግታ ዳብሺ። የሞላ ፊኛ ውሃ እንደተሞላ ኳስ ነው፤ በቡቺ መጠን ላለ ውሻ ብርቱካን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ይሰማሻል። ካገኘሽው በሁለቱም በኩል በእኩል ጉልበት ወደ መሀል፣ ከዚያም ወደ ጭራው አቅጣጫ ግፊ። ላም እንደሚያልቡት ጨመቅ ለቀቅ አታድርጊ፤ ተጭነሽ ቆዪ። መጀመሪያ ይጠነክርብሻል፣ ትንሽ ቆይቶ በቀጭኑ ይመጣል። እስኪለሰልስ ድረስ አትልቀቂው። በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይህን ታደርጊያለሽ፤ ሌሊቱንም ቢሆን በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ከ8 ሰዓት በላይ አታሳልፊ። አልወጣ ካለ በጉልበት አትጋፊው፣ ፊኛ ሊቀደድ ይችላል። በሩ ጠብቆ የሚይዝበት ውሻ አለ፤ ለዚያ የበሩን ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ወይም ካቴተር፣ ማለትም ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ፣ ያስፈልጋል፣ እሱ የእኔ ሥራ ነው። ሽንቱ ከደፈረሰ፣ ደም ከመሰለ ወይም አፍንጫ የሚሰነፍጥ ከሆነ ጥቂቱን በንጹሕ ጠርሙስ ያዢልኝ።

ሁለተኛውን ነገር በአጭሩ እላለሁ፤ ልዘለው ግን አልችልም። «እግሩ ደከመ» ተብሎ የመጣ ማንኛውም ውሻ እኔ ዘንድ ሲደርስ መጀመሪያ የማስበው የእብድ ውሻ በሽታን ነው። የታመመ ሁሉ አይናከስም። ዝም ብሎ ሽባ የሚሆንበት መልክ አለው፤ መንጋጋው ይወርዳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ ሰውም አጥንት ተሰነቀረበት ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። የቡቺ ነገር ያን አይመስልም። በዚያ በሽታ ምልክት ያሳየ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ 10 ቀን አይሞላም፣ ቡቺ 12ኛ ቀኑን ይዞ እየበላ እየጮኸ ነው። ቢሆንም መቼ እንደተከተበ ንገሪኝ። በነዚህ ቀናት ማንንም ቦጭሮ ወይም ነክሶ ከሆነ ቁስሉ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፣ ሰውየው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ለዚያ በሽታ ስር ፍለጋ አይኬድም።

እንግዲህ ወደ ወገቡ። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የተቀመጡ ዲስኮች አሉ፤ ዳራቸው ጠንካራ ቀለበት ነው፣ መሀላቸው ለስላሳ። እንደ ቡቺ እግራቸው አጥሮ ወገባቸው የረዘመ ውሾች ላይ ይህ መሀል ገና በወጣትነት ይደርቅና እንደ ከረመ አይብ ይፈረፈራል። አንድ ቀን ከሶፋ ሲዘል ቀለበቱ ይቀደድና ፍርፋሪው ወደ ላይ፣ ወደ ሕብለ ሰረሰር ይፈናጠራል። ሰው «ዲስክ ተንሸራተተ» የሚለው ይህንን ነው። ጩኸቱ፣ በማግስቱ መጎተቱ፣ የፊት እግሮቹ ጤነኛ መሆናቸው ሁሉ ወደዚያ ይጠቁማሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚፈነዳውም ከመጨረሻዎቹ ጎድኖች እስከ ወገብ መነሻ ባለው ስፍራ ነው። ራጅ ስብራት መኖር አለመኖሩን ይነግረኛል፣ ሕብለ ሰረሰሩን ግን አያሳየኝም፤ ስለዚህ አብዛኛውን የምወስነው በእጄና በትንሽ የጎማ መዶሻ ነው። (ድመት ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምነካው መዳፏን ነበር። በድንገት ሽባ የሆነች ድመት የኋላ እግሯ ከቀዘቀዘ ነገሩ የደም መርጋት ነው፤ ወገቧ ላይ ጊዜ አይጠፋም።)

እናትሽ ምች ማለታቸው አይገርመኝም፤ ድንገት የመጣ ነገር ሁሉ በኛ ቤት ምች ነው። ዳማ ከሴው አልጎዳውም። የጎዳው 12 ቀኑ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ወሎ ውስጥ ሽባ የሚለው ቃል ከሌላው አገር ይልቅ ይከብዳል። በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደላንታ ዳውንት ላይ ጓያ የሰበራቸውን ሰዎች ያየ ቤተሰብ፣ እግር አንዴ ከሄደ አይመለስም ብሎ ቢያምን አልፈርድበትም። በጓያ ውስጥ ያለው መርዝ እግርን የሚያዙትን የነርቭ ሕዋሳት ራሳቸውን ይገድላል፤ የሞተ የነርቭ ሕዋስ ደግሞ አይተካም። የቡቺ ነርቭ ግን ታፍኖ ሊሆን ይችላል፣ የታፈነ ደግሞ መልሶ ሊተነፍስ ይችላል። ታፍኗል ወይስ ሞቷል የሚለውን የሚነግረን አንድ ፈተና ነው፤ መርፌም ቅጠልም ወሬያቸው የሚጀምረው ከዚህ ፈተና በኋላ ነው።

የኋላ እግሩን ጣት አጥንቱ ድረስ በመቆንጠጫ ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ። እግሩን ሰበሰበ? እሱ ብቻውን ምንም አይነግረኝም። ብዙ ባለቤቶች እዚህ ላይ በደስታ እንባቸው ይመጣል፤ እግሩን ያሰበሰበው ግን ወገብ ውስጥ ተጀምሮ ወገብ ውስጥ የሚያልቅ አጭር መንገድ ነው፣ አንጎል ወሬውም አልደረሰውም። እኔ የምጠብቀው ከራስ በኩል የሚመጣውን ነው። ዞሮ ካየኝ፣ ካቃሰተ፣ ሊነክሰኝ ከተወራጨ ስሜቱ ወደ ላይ እያለፈ ነው። በሥራዬ ውሻ ሊነክሰኝ ሲል ደስ የሚለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ስሜቱ ካለ፣ በጊዜው ቀዶ ሕክምና ካገኙ ውሾች ከ10ሩ 9 ያህሉ መልሰው ይራመዳሉ፤ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በዕረፍትና በመድኃኒት ብቻ ደግሞ 6 ያህሉ። ስሜቱ ጨርሶ ከጠፋ ቀዶ ሕክምና ያገኙትም ወደ 6 ይወርዳሉ፣ ያላገኙት 2 ገደማ ይሆናሉ። ስሜት ካጡት ጥቂቶቹ ላይ የሕብለ ሰረሰሩ ጉዳት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ እየሟሟ ወደ ላይ ይወጣል፤ መተንፈሻ ጡንቻዎች ዘንድ ሲደርስ ውሻው ይሞታል። ቡቺ 12 ቀን አልፎ በፊት እግሮቹ እየተሳበ የሚበላ ከሆነ ከዚያኛው ያመለጠ ይመስለኛል። ቀዶ ሕክምናው ሕብለ ሰረሰሩን በምስል ማየትንና እጁ የፈታ ቀዳጅን ይጠይቃል። ለእኔና ለአንቺ ዛሬ በእጃችን ያለው ሁለተኛው መንገድ ነው፤ አኩፓንክቸር የሚገባውም እዚያ ላይ ነው።

አኩፓንክቸርን ውጭ አገር ስማር መጀመሪያ ትዝ ያለኝ አያቴ ቀንድ ይዘው ዋግምት ሲያደርጉ ነበር። መምህራችን በሰውነት ውስጥ ስለሚዘዋወር «ቺ» ስለሚባል ኃይልና ስለ መንገዶቹ ይነግሩናል፣ እኔ ደግሞ በልቤ ነርቮቹን እየቆጠርኩ ነው። ነጥቦቹ ነርቭና የደም ሥር በሚበዙባቸው ስፍራዎች ላይ በብዛት መገኘታቸው ለኔ ይበቃኝ ነበር። ከፀጉር ብዙም የማይወፍር መርፌ ሲገባ የነርቭ ጫፎች ይነቃሉ፤ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር እንደ ሞርፊን የሚሠራ የራሳቸውን ማስታገሻ ይለቃሉ። ይህ የታወቀው ናሎክሶን በሚባል የሞርፊን ማክሸፊያ ነው፤ እሱ ሲሰጥ የመርፌው ማስታገስ ይቀንሳል። በዚያ ላይ የተኮማተረው የጀርባ ጡንቻ ይላላል፣ በዙሪያው የደም ዝውውሩ ይሻሻላል። ለሽባነት የተጠናው በተለይ በመርፌዎቹ ላይ ቀጭን ሽቦ ታስሮ ደካማ ኤሌክትሪክ የሚላክበት ዓይነት ነው። ውሻው ጡንቻው ትር ትር ሲል ይሰማዋል፤ ብዙዎቹ በመሀሉ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

የማይሠራውንም ልንገርሽ። መርፌ የወጣውን የዲስክ ፍርፋሪ አያነሣም። ፍርፋሪውን በሳምንታት ውስጥ የሚያሳንሰው ሰውነት ራሱ ነው። የሞተ ነርቭም በመርፌ አይነሣም።

ከጥናቶቹ ሁለቱን ላንሣ፤ የእህትሽ ወሬ የመጣው ከነሱ ዓይነት ነገር ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የብራዚል ጥናት ከ48 ሰዓት በላይ ከባድ ሽባነት የቆየባቸውን 40 ውሾች አየ። በኤሌክትሪክ መርፌ ብቻ ከታከሙት 19 ውሾች 15ቱ ተሻላቸው፤ ቀዶ ሕክምና ብቻ ካገኙት 10 ውሾች ግን 4ቱ ብቻ። ይህን አንብቦ «መርፌ ከቢላ ይበልጣል» ብሎ የሚዘምር ብዙ ነው። እኔ አልዘምርም። ውሾቹ በዕጣ አልተከፋፈሉም፣ ቁጥራቸው ትንሽ ነው፣ ቀዶ ሕክምናውም ዘግይቶ የተደረገ ነው፤ 10 ተቀዶ 4 መዳን በጊዜው ከሚደረገው ቀዶ ሕክምና ጋር አይወዳደርም። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ሌላው ጥናት ደግሞ 50 ውሾችን ይዞ፣ በተለመደው መድኃኒት ላይ የኤሌክትሪክ መርፌ የተጨመረላቸው ስሜት ያላቸው ውሾች መድኃኒት ብቻ ካገኙት በግማሽ ያህል ጊዜ መራመድ መቻላቸውን አሳየ። ከሁለቱ የማምነው ይህንን ነው፤ «ተጨመረላቸው» የምትለዋን ቃል ልብ በይ።

እኔ የምወጋቸው ነጥቦች ብዙ አይደሉም። ወገብ ከዳሌ አጥንት በሚገናኝበት ጎድጓዳ ላይ ባይ ሁይ የሚባለው አለ። ከጉዳቱ በላይና በታች ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ አደርጋለሁ። ከጉልበቱ በታች በውጭ በኩል ዙ ሳን ሊ አለ፤ አንዳንዴም በጣቶቹ መካከል እወጋለሁ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው፣ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ። አምስት ስድስት ጊዜ ተደርጎ አንዳች ለውጥ ካላየሁ ገንዘብሽን መቀበል አቆማለሁ።

አንድ ከሐይቅ የመጣ ውሻ በሦስተኛው ሳምንት በራሱ ቆመ። ባለቤቱ መርፌው ነው ይላሉ። እኔ ግን ሌት ተቀን ፊኛውን ሲጨምቁለት፣ ሲያገላብጡት አይቻለሁና ከመርፌዬ፣ ከጊዜውና ከእሳቸው እጅ የትኛው እንዳዳነው ልምልልሽ አልችልም። ሌላውን ደግሞ ሳልነግርሽ አላልፍም። አምስት ጊዜ ወጋሁት፣ ጭራውን ማንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር፣ በስድስተኛው ቀጠሮ ሞቶ ቆየኝ። ኩላሊቱ ነው የገደለው። በመጀመሪያው ቀን «ሽንቱስ?» ብዬ ስጠይቅ «ይንጠባጠባል» አሉኝ፣ እኔም ሆዱን ሳልዳብስ ወደ መርፌዬ ሄድኩ። ያንቺን ጥያቄ ሳነብ የደነገጥኩት ለዚህ ነው።

የምታውቂው የሰው አኩፓንክቸር ባለሙያ ብቻውን አይውጋው። ክፉ አስቦ ይሆናል ማለቴ አይደለም፤ ግን ውሻ 13 ጥንድ ጎድንና 7 የወገብ አከርካሪ አለው፣ ሰው 12 ጎድንና 5 አከርካሪ ነው ያለው። በሰው ጀርባ ላይ የተማረው ቆጠራ ቡቺ ላይ ይዛነፍበታል። ደረቱ ላይ መርፌ ትንሽ ከጠለቀ ሳንባ ይበሳል፤ ውሻው «አመመኝ» አይልም፣ ይወራጫል፣ መርፌ ይሰበራል። እኔ ባለሁበት መምጣት ከፈለገ ግን ደስ ይለኛል፣ እጁ ከእኔ ሊቀል ይችላል።

ስለ ትኩሱ። የኩታበሩ አባት ሲከራከሩኝ ይታየኛል፦ «አንተም ትወጋለህ እኛም እንተኩሳለን፣ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ጥያቄው ሞኝ አይደለም፤ ሁለቱም ቆዳን ነክቶ ውስጥን ለመቀስቀስ የሚደረግ ነው። ልዩነቱ የሚቀረው ቁስል ነው። የመርፌዬ ቀዳዳ በማግስቱ አይታይም። የትኩሱ ቁስል ግን የሚያርፈው ስሜቱና ዝውውሩ በተዳከመ፣ ቀኑን ሙሉ በተኛበት ቆዳ ላይ ነው፤ አይድንም፣ ዝንብ ያርፍበታል፣ ትል ይፈላበታል። ወጌሻውን በተመለከተ ደግሞ፣ ለተናጋ ቁርጭምጭሚት እኔም ሄጄ ታሽቻለሁ። ወገቡ ውስጥ ፍርፋሪ የወጣበትን ውሻ ግን የሚስብ፣ የሚያጣምም፣ «ቋ» የሚያደርግ እጅ፣ ዛሬ ያለውን ጥቂት ስሜት በአንድ ደቂቃ ሊያጠፋው ይችላል። ቅቤ ይዞ መጥቶ እግሮቹን ብቻ በቀስታ ላሽ ቢል ፍቀጂለት፤ ቡቺ ግን ቅቤውን ይልሰዋል።

አሁን ቅጠሉ። እህትሽ የምትለው ምናልባት ቡ ያንግ ሁዋን ዉ ታንግ የሚባለውን ሊሆን ይችላል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዋንግ ቺንግረን የተባለ ቻይናዊ ሐኪም በስትሮክ ግማሽ ሰውነቱ ሽባ ለሆነ ሰው የቀመመው ነው። ሰባት ነገሮች አሉበት፤ ትልቁ ድርሻ ሁዋንግ ቺ የሚባል ስር ነው፣ የምድር ትልም አለበት። ሁለቱን አንቺም ታውቂያቸዋለሽ። አንዱ የሱፍ አበባ ነው፣ ያ እኛ ፍሬውን ለፍትፍት የምንወቅጠው፤ ሌላው የኮክ ፍሬ ውስጡ ነው። ቅመሙ የታሰበው ደምን ለማንቀሳቀስ ነው። ጉዳቱ ገና ትኩስ ሆኖ የሚደማ ነገር ካለ፣ ወይም ውሻው ጨጓራ የሚያደማ ማስታገሻ እየወሰደ ከሆነ ደምን የሚያቀጥን ቅመም መጨመር አልፈልግም። የኮክ ፍሬ ውስጡም በብዛት ሲሆን ሳያናይድ የሚለቅ ነገር አለው። በውሻ ሽባነት ላይ ያለው ማስረጃ ከመርፌው በጣም ያነሰ ነው። የሚያውቅ ሐኪም በመጠኑ ቢሰጠው አልጮህም፤ ከጓንዡ በሻንጣ መጥቶ በግምት በማንኪያ የሚሰጥ ከሆነ ግን እጮኻለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ሣጥኑ ላይ ማ ቺየን ዚ የሚል ካለ ወደ ቤትሽ አታስገቢው። በቻይና ባህል ለሽባነትና ለወገብ ሕመም የሚሰጥ ፍሬ ነው፤ ተቆልቶ፣ ተዘጋጅቶ፣ በጥቂቱ። በውስጡ ያለው ግን ስትሪክኒን ነው፤ ያ በከተሞቻችን ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለመግደል በሥጋ ተለውሶ ሲጣል የኖረው መርዝ። ነርቭን ያነቃል የሚባለው እውነት ነው፣ ሲበዛ ውሻውን እያንቀጠቀጠ እስኪያፍነው ድረስ ያነቃል። በመድኃኒቱና በመርዙ መካከል ያለው ርቀት የአንድ ጥፍር ያህል ነው። ስለዚህ እህትሽ ከመግዛቷ በፊት የሣጥኑን ጽሑፍ ፎቶ አንሥታ ትላክልኝ።

የኩታበሩን አባት ስር በተመለከተ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ስሙ ማን ነው? ስሙ ከተነገረ መድኃኒቱ ይረክሳል የሚል እምነት እንዳለ አውቃለሁ፣ ሰውየውንም አልንቅም፤ ስለ ከብት ቅጠል ብዙ ያስተማሩኝ እንደሳቸው ያሉ አባቶች ናቸው። ስሙ ካልተነገረኝ ግን አይጠጣም። ምክንያቴ ይህ ነው። ለሕመም ከሚሰጡት መካከል አስተናግር አለ፤ እሱ ሕመም ያስታግሣል፣ ግን ፊኛንም ጨርሶ ያስተኛል። ፊኛው ለተኛበት ውሻ አስተናግር መስጠት በተዘጋ በር ላይ ቁልፍ መጨመር ነው። የጉሎ ፍሬ ከተሰነጠቀ ለውሻ ገዳይ ነው። ነጭ ሽንኩርት ለኛ መድኃኒት ነው፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ግን ያፈርሳል። ፌጦ ተወቅጦ ወገቡ ላይ ቢለጠፍ ቆዳውን ያቃጥለዋል፣ እሱ ደግሞ አይሰማውም። ዳማ ከሴውን እናትሽ ማሸት ካላቆሙ ይቀጥሉ፤ ሽታው ጥሩ ነው።

ከፋርማሲ የሚገዛውም ከቅጠሉ አይሻልም። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ይበሳሉ፤ ዴክሳሜታዞን ከሚባለው ስቴሮይድ ጋር ሲደረቡ ደግሞ ይብስባቸዋል። እስካሁን የሰጠሽው ካለ፣ አንድ ፍሬም ቢሆን፣ ሳትደብቂ ንገሪኝ። ለውሻ የሚሆኑ ማስታገሻዎች አሉ፣ በኪሎው ለክቼ እሰጥሻለሁ።

የቀረው አልጋው ነው፤ ከመርፌው ይልቅ የማምነውም እሱን ነው። ቡቺ ቢያንስ ለ4 ሳምንት መዞር እንጂ መሄድ በማይችልበት ሣጥን ወይም ጥግ ውስጥ ይተኛ። ሶፋ የለም፣ ደረጃ የለም፣ «ትንሽ ይንፈራገጥ» የለም፤ የተቀደደው ቀለበት የሚጠግነው በዕረፍት ነው። ከስር ስፖንጅ፣ ከላይ አጎዛ አንጥፊለት። አጎዛ ከሱቅ ከሚመጣ ምንጣፍ ሁሉ ይሻላል፤ በሰው ሆስፒታልም ሳይቀር ለአልጋ ቁስል የሚነጠፍ ነገር ነው። ሁለት ይኑርሽ፣ አንዱ ሲረጥብ ሌላው ይነጠፋል። በየ4 ሰዓቱ ገልብጪው። የዳሌው አጥንት፣ ቁርጭምጭሚቱና ክርኑ ላይ በየቀኑ ፀጉሩን ገልጠሽ እዪ፤ መቅላት ካየሽ ቁስሉ እየመጣ ነው። ሽንት የነካውን ቆዳ ለብ ባለ ውሃ አጥበሽ አድርቂው። እግሮቹን በቀን ሦስት ጊዜ፣ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ 10 ጊዜ ያህል፣ እሱ ብስክሌት እንደሚነዳ አድርገሽ በዝግታ አጠፍ ዘርጋ አድርጊለት። ማስታገሻውን ከጀመረና ሕመሙ ከበረደ በኋላ ፎጣ ወይም ያረጀ ነጠላ ከሆዱ ስር አሳልፈሽ ከፍ እያደረግሽ መዳፉ መሬት እንዲነካ ታለማምጂዋለሽ፤ እሱን ሳሳይሽ ትጀምሪያለሽ እንጂ ዛሬ አይደለም።

ቅዳሜ ጠዋት ኮምቦልቻ አምጪው። ክንድሽ ላይ አትታቀፊው፤ ጠፍጣፋ ጣውላ ወይም ትልቅ ትሪ ላይ አድርገሽ፣ በፎጣ ደረቱንና ዳሌውን ለጥፈሽ እሰሪው፣ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው የሐረጎ መንገድ መታጠፊያዎች ላይ እንዳይንሸራተት። ሹፌሩ ውሻ አልጭንም ካለሽ ለትሪው ሒሳብ ክፈዪ። ከመውጣትሽ በፊት ፊኛውን ጨምቂና የወጣበትን ሰዓት ጻፊ። የክትባት ካርዱን፣ የሽንቱን ጠርሙስ፣ የሰጠሽውን መድኃኒት ሁሉ ባዶ ሣጥኑንም ቢሆን ያዢ። ጣቱን ስቆነጥጠው እናትሽ አጠገቡ ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ ዞሮ ማንን እንደሚያይ ማየት እፈልጋለሁ።